መጠጊያና ጠበቃ፦ በመዝሙረ ዳዊት በእግዚአብሔር መታመን
(ደሴ ላይ ለሰንበት ትምህርት ቤት አባላትና ለምእመናን ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «እግዚአብሔር ጠባቂዬ ነው» የሚል ነው። በባጃጅ መስታወት ላይም በሱቅ ግድግዳ ላይም ተጽፎ የምናየው ቃል ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህን ቃል ደሴ ላይ፣ ያውም ከ2014 ዓ.ም. በኋላ፣ ቆሞ መናገር ቀላል አይደለም። በዚያ ዓመት በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲገባ ከመካከላችን ልጆቹን ይዞ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ አለ፤ አቅም አጥቶ በሩን ዘግቶ የቀረ አለ፤ የቀበረም አለ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አንዲት እናት ርእሱን ጠይቀውኝ ነገርኋቸው። «ልጄም እኮ ዳዊት ይደግም ነበር» አሉና ሌላ ምንም ሳይጨምሩ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ይህን የሰማ ሰው ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ሲናገር አፉን መመጠን ይገባዋል።

ስለዚህ ለማለት የፈለግሁትን ሳላዘገይ ላስቀምጠው። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ በእግዚአብሔር ጠባቂነት መታመን ማለት ሰው ፍርሃቱንም አቤቱታውንም ሳይደብቅ፣ ራሱንና ጉዳዩን ለእግዚአብሔር አሳልፎ ሰጥቶ፣ የራሱን እጅ ከበቀል መሰብሰብ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል በተለያየ መልክ ደጋግመን ሰምተነዋል፤ እጅን ስለ መሰብሰብ የሚናገረው ሁለተኛው ክፍል ግን ከመድረክ የሚነገረው ከስንት አንዴ ነው፤ እኔም ከፍ አድርጌ ልናገረው የምፈልገው እርሱን ነው።

መቼም ዳዊት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌሎቹ መጻሕፍት የተለየ ቦታ አለው። የቆሎ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ የሚደርስበት መጽሐፍ እርሱ ነው፤ «ዳዊት ደገመ» ከተባለ ልጁ ማንበብ ቻለ ማለት ነው። መቶ ሃምሳው መዝሙር አሥር አሥር እየሆነ «ነገሥት» በሚባሉ 15 ክፍሎች ተከፍሎ፣ ለሳምንቱ ቀናትም ተደልድሎ ይጸለያል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እየተባለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ያበቃል። በቆዳ ማኅደር ተይዞ ከትከሻ የሚንጠለጠለውን አሮጌ ዳዊት ገልጣችሁ ካያችሁ፣ የብዙዎቹ ገጾች ጠርዝ በአውራ ጣት ወዝ ጠቁሯል፤ 90ኛው መዝሙር ያለበት ገጽ ግን ብዙውን ጊዜ ከመጥቆርም አልፎ የሳሳና የጧፍ ሰም የነጠበበት ነው። ቁጥሮቹን በግዕዙ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ከ10ኛው መዝሙር ጀምሮ ከዕብራይስጡ በአብዛኛው በአንድ ስለሚያንስ፣ 90 ያልሁት በብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስ 91 ሆኖ ይገኛል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዘቡር ለነቢዩ ዳውድ የተሰጠ መሆኑን ስለሚያምኑ፣ በወሎ ስለ ዳዊት መናገር ለክርስቲያን ብቻ የሚደረግ ንግግር አይደለም።

የእስክንድርያው አትናቴዎስ ለመርቄሊኖስ በጻፈው ደብዳቤ ስለ መዝሙራት የተናገረው ቁም ነገር አለ። ሌሎቹን መጻሕፍት ስናነብ የሌላ ሰው ቃል እንደምንሰማ፣ መዝሙራትን ስናነብ ግን የራሳችንን ቃል የምንናገር ያህል እንደሚሆንልን ያስረዳል። እንዲህ ከሆነ፣ ስለ ጥበቃ የተነገሩት ቃላት መጀመሪያ በማን አፍና በምን ሁኔታ እንደ ተነገሩ ማየት ይገባል፤ የእኛ አድርገን ስንናገራቸው ያንን ሁኔታ ቆርጠን ጥለን ቃሉን ብቻ ልንወስድ አንችልምና።

የመዝሙራቱን አርእስት ተመልከቱ። 3ኛው መዝሙር ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የጸለየው ነው ይላል። 55ኛው ፍልስጥኤማውያን በጌት በያዙት ጊዜ፣ 56ኛው ከሳኦል ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ በገባ ጊዜ፣ 58ኛው ሳኦል ሊያስገድለው ቤቱን ባስከበበ ጊዜ ይላሉ። ስለ መጠጊያ አብዝቶ የተናገረው ሰው መጠጊያ ያጣ ሰው ነው። በ3ኛው መዝሙር «እኔ ተኛሁ አንቀላፋሁም፤ እግዚአብሔርም ደግፎኛልና ነቃሁ» ሲል፣ ይህን የሚናገረው ቤተ መንግሥቱን ለገዛ ልጁ ለቅቆ፣ በሁለተኛ ሳሙኤል እንደ ተጻፈው ራሱን ተከናንቦ በባዶ እግሩ የደብረ ዘይትን አቀበት እያለቀሰ የወጣ አባት ነው። በ55ኛው ደግሞ ፍርሃት በያዘው ቀን በእግዚአብሔር እንደሚታመን ይናገራል። ፍርሃቱና መታመኑ በአንድ ቀን፣ በአንድ አፍ ናቸው። «ከፈራህማ አላመንህም» እያልን የሰው ቁስል ላይ ጨው የምንነሰንስ ሰዎች ይህን መዝሙር ደጋግመን ብናነበው መልካም ይመስለኛል።

በ17ኛው መዝሙር ዳዊት እግዚአብሔርን ዓለቴ፣ አምባዬ፣ መጠጊያዬ እያለ ይጠራዋል። አምባ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዳር ዳሩ ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ መውጫው አንድ ወይም ሁለት በር ነው፤ ምንጭና እህል ካለው ጥቂት ሰው ብዙውን ይመክትበታል። ነገር ግን የወሎ ሰው አምባ እንደሚሰበርም ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላን ያህል አምባ ይዘው፣ መድፋቸውንም እዚያው አውጥተው፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በአንድ ቀን ተያዘ። ግሸንም ብትሆን፣ ዛሬ መስከረም 21 ቀን ምእመናን በደሴ በኩል እያለፉ የሚሳለሟት አምባ፣ ለንጉሥ ልጆች ጥበቃ ተብላ እስር ቤት የሆነችበት ዘመን ነበራት። ሰው የሠራውም ሆነ ተፈጥሮ ያዘጋጀው መጠጊያ ሁሉ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው፤ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ራሱ ይይዛችኋል። ዳዊት በዓይንጋዲ አምባዎች ሲኖር ይህን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም እግዚአብሔር አምባ ሰጠኝ ከማለት ይልቅ እግዚአብሔር ራሱ አምባዬ ነው ይላል። 120ኛው መዝሙርም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» ይልና ወዲያው ረዳቴ ከወዴት ይምጣ ብሎ ይጠይቃል። ጠዋት በሩን ከፍቶ ጦሳን የሚያይ የደሴ ሰው ተራራው ራሱ መልስ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ የመዝሙሩ መልስ ግን ሰማይና ምድርን የሠራው እግዚአብሔር ነው።

አሁን ወደ 90ኛው መዝሙር እንምጣ። ከሁሉ የሚወደደው፣ ከሁሉም ይልቅ ያለ አግባብ የሚያዘው እርሱ ነው። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን በ11ኛው ዋሻ ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱ ይህን መዝሙር አጋንንትን ለማራቅ ከሚደገሙ ጸሎቶች ጋር አብሮ ይዞታል፤ ሰዎች ቃሉን ለመከለያ መያዝ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እኛም ዘንድ በክታብ ተጽፎ በአንገት የሚንጠለጠልበት ልማድ አለ። ቃሉን በመውደድ የሚይዙትን ሰዎች አልነቅፍም፤ ይሁንና ይህን መዝሙር «ምንም አይነካኝም» ለማለት የተጠቀመበት ማን እንደሆነ ወንጌልን ከፍተን እንይ። ማቴዎስ በምዕራፍ 4 እንደሚነግረን፣ ጌታችንን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው ፈታኝ የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር ነው። መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል አለ። አጠቃቀሱንም ልብ በሉ፤ መዝሙሩ «በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ» ሲል፣ እርሱ «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ዘለለው፤ ስለ ዘንዶው መረገጥ የሚናገረው ቀጣዩ ቁጥር ሲደርስም ዝም አለ። ከመቅደስ ጫፍ መወርወር የሰው መንገድ አይደለማ! ጌታችንም ጥበቃውን ሳይክድ፣ አምላክህን አትፈታተነው በሚለው የኦሪት ቃል መለሰለት።

መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ስናነብ ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። እስከ 13ኛው ቁጥር የሚናገረው ሰው ነው፤ የሚያጽናናው፣ በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ የሚለው እርሱ ነው። ከ14ኛው ቁጥር ጀምሮ የሚናገረው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ እርሱም «በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ» ይላል። መከራ አይመጣም አላለም። በመከራው ውስጥ አብሬው እገኛለሁ፣ አድነዋለሁ፣ አከብረውማለሁ አለ። የመዝሙሩ ተስፋ መተርጎም ያለበት በዚህ በባለቤቱ ቃል ነው።

ይህች ከተማ «በቀን ከሚበርር ፍላጻ» የሚለውን ቃል በሰማይዋ አይታዋለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ሳሉ የጣልያን አውሮፕላኖች መጥተው ቦምብ አዘነቡ፤ የሕክምና ቦታም ሳይቀር ተመታ። ያን ቀን በሞቱትና በተረፉት መካከል የነበረው ልዩነት ዳዊት መድገምና አለመድገም ነው ብሎ የሚናገር ቢኖር፣ ያ ሰው በሟቾቹ ላይ ሁለተኛ ግፍ ይፈጽማል። በ2014 ዓ.ም. ስለ ሆነውም እንዲሁ ነው። የተረፍን ሰዎች እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፣ ይገባናልም፤ ምስጋናችን ግን ልጇን በቀበረች እናት ፊት ክስ ሆኖ መቆም የለበትም።

መዝሙረ ዳዊት ራሱ ይህን ክስ አይፈቅድም፤ ምክንያቱም 43ኛው መዝሙር አለ። 120ኛው «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም» ሲል፣ 43ኛው በተቃራኒው «አቤቱ፥ ንቃ፥ ለምንስ ትተኛለህ?» ብሎ ይጮኻል። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱንም ያዜመው አንድ ሕዝብ ነው። ያውም 43ኛው መዝሙር ቃል ኪዳንህን አልከዳንም፣ ልባችን ወደ ኋላ አልተመለሰም እያለ ነው እንደሚታረዱ በጎች ሆነናል የሚለው፤ ስለ ኃጢአታችን ነው የሚለውን የተለመደ መልስ አስቀድሞ ይዘጋዋል። 87ኛው መዝሙርማ ወደ ምስጋና ሳይመለስ በጨለማ ውስጥ ያበቃል። ከጥንት ጀምሮ እነዚህን መዝሙራት ለማውጣት የደፈረ የለም። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ ምዕራፍ 8 ከክርስቶስ ፍቅር ማን ይለየናል ብሎ ሲጠይቅ፣ በዚያ የድል ንግግር መካከል የጠቀሰው ይህንኑ የሚታረዱ በጎችን ጩኸት ነው። ስለዚህ «ለምን ተኛህ?» ብሎ እያለቀሰ የሚጸልይ ሰው ከመታመን አልወጣም፤ የሚሰማው እንዳለ ባያምንማ ማንን ይጠይቅ ነበር?

«ልጄም እኮ ዳዊት ይደግም ነበር» ላሉኝ እናት ጥያቄ የምሰጠው መልስ የለኝም፤ ማሳየት የምችለው አንድ ነገር አለ። 30ኛው መዝሙር የመጠጊያ መዝሙር ነው፤ በእግዚአብሔር ታምኛለሁ፣ ዓለቴና አምባዬ አንተ ነህ የሚል ነው። በዚያ መዝሙር መካከል ነፍሱን ለእግዚአብሔር አደራ ሲሰጥ እናገኘዋለን። ሉቃስ በምዕራፍ 23 እንደ ጻፈው፣ ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን ሲሰጥ በታላቅ ድምፅ የተናገረው ይህን ቃል ነው። የመጠጊያው መዝሙር በሚሞት ሰው አፍ ተነግሯል፤ ቃሉም አልወደቀም፤ አደራውን የተቀበለው በሦስተኛው ቀን መልሶታልና። ዳዊት ሲደግም የተገደለ ልጅ መዝሙሩ ዋሽቶት አልሞተም፤ ይህን ቃል ከጌታው ጋር የተናገረ ልጅ ነው።

አሁን ጠበቃ ወደሚለው እመለሳለሁ። በመዝሙራቱ ውስጥ ከጋሻና ከአምባ እኩል ተደጋግሞ የሚመጣው የችሎት ነገር ነው። 42ኛው «አቤቱ፥ ፍረድልኝ» ብሎ ይጀምራል፤ 34ኛው ጋሻና ጦር ያዝልኝ ካለ በኋላ የሐሰት ምስክሮች ተነሡብኝ ወደሚል አቤቱታ ይሻገራል፤ 93ኛው እግዚአብሔርን የበቀል አምላክ ብሎ ይጠራዋል። እነዚህን መዝሙራት ሲያነቡ የሚሸማቀቁ ሰዎች አሉ፤ ጠላቶቹን እንዲህ የሚረግም ሰው እንዴት ጻድቅ ይባላል ይላሉ። እኔ የማየው በሌላ በኩል ነው። ዳዊት እነዚህን ቃላት የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ ወደ ጠላቱ ደጅ አልሄደም። ጉዳዩን ለጠበቃ አስረክቦ፣ ውክልና ፈርሞ፣ ማታ ደግሞ ሽመሉን ይዞ ከተከሳሹ ቤት የሚገኝ ባለጉዳይ ጠበቃውን አምኗል ሊባል አይችልም።

ዳዊት ይህን በተግባር የተፈተነው በዓይንጋዲ ዋሻ ነው። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 እንደሚተርከው፣ ሳኦል 3,000 የተመረጡ ሰዎች ይዞ ሲያሳድደው፣ ለራሱ ጉዳይ ብቻውን ወደ ዋሻ ገባ፤ ከዋሻው ውስጥ ደግሞ ዳዊትና ሰዎቹ ተቀምጠው ነበር። ሰዎቹም እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ አሳልፌ እሰጥሃለሁ ያለህ ቀን ዛሬ ነው አሉት። የእግዚአብሔርን ቃል ለመወርወር የጠቀሰውን ፈታኝ አይተናል፤ እነዚህ ደግሞ ለመግደል ይጠቅሱታል። ዳዊት ተነሥቶ ቀስ ብሎ ቀረበና የሳኦልን የልብስ ዘርፍ ቆረጠ፤ ለዚያም እንኳ ልቡ መታው። ከዋሻው ወጥቶ በሩቁ ቆሞ፣ የቆረጠውን ጨርቅ በእጁ ይዞ እያሳየ «እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ» አለ፤ እጄ ግን በአንተ ላይ አትሆንም ሲልም ጨመረ። በፈለገ ጊዜ ሰይፍ መሰንዘር የሚችል ሰው የተናገረው ነውና ይህ የደካማ ሰው ንግግር አይደለም። ፍርዱን ለሚገባው ትቶለታል። ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ስለ ጌታችን ሲናገር፣ ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም፣ በጽድቅ ለሚፈርደው ራሱን አሳልፎ ሰጠ ይላል።

ይህ ሲባል ዳዊት አንዴ አሸንፎ የጨረሰው ፈተና እንዳይመስለን የሚቀጥለው ምዕራፍ ያስጠነቅቀናል። ናባል የተባለ ባለጠጋ በግ ሸላች አብልቶ ሳለ የዳዊትን መልእክተኞች ሰድቦ በመለሳቸው ጊዜ፣ ንጉሡን የማረው ያው ዳዊት 400 ሰው አስታጥቆ ቤቱን ሁሉ ሊፈጅ ወረደ። ትልቁን ጠላት ማሩን፣ በስድብ ግን ደሙ መፍላቱን ስናይ፣ ሰው ምን ያህል ራሱን እንደማያውቅ ይገባናል። ያስቆመችው የናባል ሚስት አቢግያ ናት። እንጀራውን፣ የወይን ጠጁን፣ የተዘጋጁትን በጎች በአህያ ጭና፣ ለባልዋ ሳትነግር መንገድ ላይ ጠብቃ፣ በግንባሯ ወድቃ፣ እግዚአብሔር የአንተን ነፍስ ይጠብቃል፣ አንተ ግን በገዛ እጅህ ደም አትግባ አለችው። ዳዊትም ተመለሰ፤ በእርስዋ በኩል ስለከለከለውም እግዚአብሔርን ባረከ። እዚህ ላይ እግዚአብሔር ዳዊትን የጠበቀው ከራሱ ከዳዊት እጅ ነው። ከጠላት ስለ መጠበቅ ስንጸልይ ይህን ጥበቃም አብረን የምንለምን ስንቶቻችን ነን?

በወሎ ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። ደም የተቃቡ ወገኖችን አበጋሮችና የሀገር ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ፣ የሟች ወገን እጁን እንዲሰበስብ የሚለመነው በእግዚአብሔር ስም ነው፤ ሙስሊሙም «ለአላህ ብለህ» ሲባል እንዲሁ ይሰማል። በጦርነቱ የተበደለ ሰው ብዙ ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቅ፣ ስምም ፊትም የሚያስታውስ ሰው በየሰፈሩ አለ። ለዚህ ሰው ዝም በል፣ እርሳው ማለት የመዝሙረ ዳዊት ምክር አይደለም። መዝሙሩ በስም ጥራው፣ ክሰሰው፣ በእግዚአብሔር ፊት ጩኽ ይለዋል። በሕግ መጠየቅም ቢሆን እጅን ከበቀል ከመሰብሰብ ጋር አይጣላም፤ ዳኛ የሚሾመው ደም በደም እንዳይከፈል ነውና። የሚከለከለው ሌሊት ተነሥቶ የራስን ፍርድ በራስ እጅ መፈጸም ነው፤ ያ ሲሆን እግዚአብሔር ጠበቃዬ ነው የሚለው ቃል ባዶ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ፤ ጉዳዩን ወደዚህ ችሎት ያቀረበ ሰው የራሱም መዝገብ ይከፈታል። በ7ኛው መዝሙር ዳዊት ፍረድልኝ ከማለቱ በፊት፣ ዓመፃ በእጄ ከተገኘ፣ ክፉ ላደረጉብኝም ክፉ መልሼ ከሆነ ጠላት ነፍሴን ያሳድዳት ይላል። 138ኛው መዝሙርም ወደ መጨረሻው ሲደርስ ኃጢአተኞችን እንዲገድላቸው እግዚአብሔርን ይለምናል፤ የሚጠሉህን እጠላለሁ፣ ጠላቶቼም ሆኑ ይላል። ከዚያ ቃል ወደሚቀጥለው ቁጥር እንደ ተሻገረ ግን ጣቱን ወደ ራሱ መልሶ «አቤቱ፥ መርምረኝ ልቤንም እወቅ፤ ፍተነኝ» ይላል።